ሾተል የማን ልጅ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረ «ጋንዳም ዊንግ» የሚባል የካርቱን ተከታታይ አለ። ሳንድሮክ የሚባለው ግዙፍ የብረት ተዋጊ በሁለት እጁ ሁለት ጎባጣ ሰይፎች ይዞ ይዋጋል፤ የሰይፎቹ ስም ሾተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ዳርክ ሶልስ» በተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥም ሾተል አለ። ይህን ሰይፍ የያዘ ተጫዋች ሲመታ፣ ባላጋራው በጋሻ ቢመክትም ከጉዳቱ ከፊሉ ጋሻውን አልፎ ይደርስበታል። እስቲ አስቡት ወዳጆቼ! ጃፓን ተቀምጠው ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች የአንድን የሐበሻ መሣሪያ ዋና ጠባይ በትክክል ይዘውታል፤ ጋሻን ዞሮ የሚገባ ስለት ነው። ስለ ሾተል ከመቶ ዓመት በላይ የጻፉት ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ቀለማቸውን ያፈሰሱት ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ነገር የማን ነው? ከየትስ መጣ?

መልሱ ላይ ስምምነት የለም። አንዱ ከፈርዖኖች ግብጽ ያመጣዋል፣ ሌላው ከቱርክ፣ ሌላው ከሮም፣ ሌላው ከገበሬ ማጭድ። እኔም የያዝኩት ሐሳብ አለኝ፤ እደርስበታለሁ። ክርክሩ ራሱ ግን በጣም ደስ የሚል ስለሆነ በመንገዱ አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ ሾተሉን በዓይነ ሕሊናችሁ አስቀምጡት። ሙሉ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ከእጀታው ሲነሣ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ መጉበጥ ይጀምርና ወደ ጫፉ እንደ ማጭድ ይዞራል። ስለቱ በሁለቱም ወገን ነው፣ በውስጥም በውጭም። በብረቱ መሃል ሸንተረር ስላለ ከሁለቱም ገጽ ወደ ስለቶቹ ይሳሳል። እጀታው ከእንጨት ወይም ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራል፤ እጅን ከባላጋራ ስለት የሚከልል መስቀለኛ ብረት ግን የለውም። ሰገባው ቆዳ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች እየተገረሙ የጻፉት ሌላም ነገር አለ፦ ሐበሻ ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው። ከእነዚህ ዝርዝሮች ሁለቱን በተለይ ያዙልኝ፣ ሁለት ስለት መሆኑንና የእጅ መከለያ የሌለው መሆኑን። ክርክሩን የሚፈቱት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ዝና ያገኘው መልስ «ሾተል የግብጽ ኮፔሽ ልጅ ነው» የሚለው ነው። ኮፔሽ የጥንት ግብጻውያን ጎባጣ የነሐስ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሃዋርድ ካርተር ካገኘው ከቱታንካሙን መቃብር ሁለት ኮፔሾች ወጥተዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሉክሶር አጠገብ ባለው የመዲነት ሃቡ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይም አሙን የተባለው አምላክ ለሦስተኛው ራምሴስ ኮፔሽ ሲያቀብለው ተቀርጿል። የኮፔሽንና የሾተልን ፎቶ ጎን ለጎን ያየ ሰው «ይኸው አባትና ልጅ» ቢል አይፈረድበትም።

ይህን አመለካከት በአውሮፓ ካስፋፉት መጻሕፍት አንዱን የጻፈው ሪቻርድ በርተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 የዓረብ ነጋዴ መስሎ ተነሥቶ ሐረር ድረስ የገባው እንግሊዛዊ ማለቴ ነው። በርተን እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ሰይፍ ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ስምንተኛው ምዕራፍ ስለ ሰይፍ በጥንታዊት ግብጽና በዘመናዊት አፍሪካ ነው። የምዕራፉን አከፋፈል ልብ በሉ። በሁለቱ መካከል ያሉት ሦስት ሺህ ዓመታት ገደማ በአንድ ምዕራፍ ተጠቅልለው ዘመናዊቷ አፍሪካ የጥንታዊት ግብጽ ጭራ ሆና ትቀርባለች። የሐበሻው ሰይፍም እዚያው ውስጥ ትልቅ ማጭድ ተብሎ ተሥሏል። በዚያው ዓመት በኦክስፎርድ የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቋቋመ። መሥራቹ ጄኔራል ፒት ሪቨርስ መሣሪያዎችን የሚደረድረው በመልካቸው ነበር፤ የሚመሳሰሉትን አጠገብ ላጠገብ ያስቀምጥና አንዱ ከሌላው እንዴት እንደ ተወለደ ያሳያል። ይህ ዘዴ ለዘመኑ ትልቅ እመርታ መሆኑን አልክድም፤ ሙዚየምን ከዕቃ ክምችት ወደ ጥያቄ የሚያመጣ ነገር ነው። ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። ገበያ ውስጥ አፍንጫው የእኔን የሚመስል ሰው ባየሁ ቁጥር «የአጎቴ ልጅ ነህ» ማለት አልችልም። መልክ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ዘር አይቆጥርም።

የኮፔሹን ነገር ቀረብ ብለን ስናየው ይፈርሳል። ዋናው ምክንያት ስለቱ ነው። የኮፔሽ ስለት በውጭ በኩል፣ በሆዱ ማለትም ወደ ፊት በሚወጣው ጉብጠት ላይ ነው፤ የውስጡ ወገን ደነዝ ነው። ስለዚህ ኮፔሽ የሚመታው እንደ መጥረቢያ ነው፤ የጦር መሣሪያ ታሪክ አጥኚዎችም ከጦር መጥረቢያ ወገን ያስጠጉታል። የሾተል ብልሃት ደግሞ ጉብጠቱ ወደ ባላጋራው ዞሮ ጫፉ ከጋሻው በስተ ጀርባ መግባቱ ነው። የአንዱ ጉብጠት ክብደትን ለምት ያሰባስባል፣ የሌላው ጉብጠት እንቅፋትን ይዞራል። ከሩቅ አንድ የሚመስለው መስመር ለሁለት የማይገናኙ ሥራዎች የተሠመረ ነው።

ዘመኑም አይገጥምም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ኮፔሽ ከጦር ሜዳ እየጠፋ ሄዷል። በሙዚየሞች የምናያቸው ሾተሎች ደግሞ አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሾተልን ከአክሱም በፊት ከነበረው ከደአማት መንግሥት ዘመን የሚያስጀምሩ ሰዎች አሉ፤ ፍላጎታቸውን እረዳዋለሁ፣ ነገር ግን ከዚያ ዘመን መሬት ውስጥ የወጣ ሾተል ማሳየት ያስፈልጋል። በግብጽና በእኛ መካከል ያለችውን ኑቢያንም መርሳት የለብንም። ዋልተር ኤመሪ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ በባላናና በቁስጡል የቆፈራቸው የነገሥታት መቃብሮች ከአክሱም ታላቅ ዘመን ጋር የሚቀራረቡ ናቸው፤ ከዚያ ከወጡት መሣሪያዎች መካከል ጦሮችና አጫጭር ሰይፎች አሉ። ኮፔሽ ወደ ደቡብ የተጓዘ ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ ላይ ዱካውን እናገኝ ነበር።

በዚህ ላይ ኮፔሽ ራሱ ለግብጽ እንግዳ ነው። በደቡብ ሜሶፖታሚያ የላጋሽ ንጉሥ ኤአናቱም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2450 ገደማ ባቆመው ሐውልት ላይ፣ ጎባጣ መሣሪያ ይዞ ይታያል። በሊባኖስ ጠረፍ በቢብሎስ የነገሥታት መቃብሮች ውስጥ ማጭድ መሰል ሰይፎች ተገኝተዋል። የአሦር ንጉሥ ቀዳማዊ አዳድ ኒራሪ ስም የተጻፈበት 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የነሐስ ሰይፍ ዛሬ ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ «ሾተል ከግብጽ ነው» የሚለው ሰው ግብጽ ላይ ለምን እንደ ቆመ ልንጠይቀው ይገባል። መልሱን ግብጽ ላይ ያስቆመው የ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተሳሰብ ነው ብዬ አስባለሁ። በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ውስጥ ብልሃት ያለበት ነገር ከተገኘ የፈርዖኖች ፍርፋሪ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ወደ ቱርኮቹ እንለፍ። ይህ መላምት ከግብጹ ይልቅ በጠንካራ ታሪክ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ጎባጣ የምሥራቅ ሰይፍ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተመሰከረ ነገር ነው። ግብጻዊው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ እንደ መዘገበው፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429 ባለው ጊዜ፣ አልቱንቡጋ የሚባል የማምሉክ ሹም ከግብጽ ሸሽቶ መጥቶ የንጉሡን ወታደሮች የሰይፍ አያያዝና የእሳት መሣሪያ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1557 ደግሞ ኦቶማኖች ምጽዋን ያዙ፤ ከዚያ ወዲህ የቱርክ ሰይፍ ለደጋው ሰው ሩቅ ዕቃ አልነበረም።

እንግዲህ «ሐበሻ የቱርኩን ሰይፍ አይቶ አጋንኖ አጎበጠው» ማለት ቀላል ይመስላል። አሁንም ስለቱ ይከለክላል። የቱርኩ ኪሊጅና የፋርሱ ሻምሺር በአመዛኙ ባለ አንድ ስለት ናቸው፤ የሚቆርጡት በውጭ ጉብጠታቸው ነው፤ መስቀለኛ መከለያም አላቸው።

እዚህ ላይ ከቀጥቃጭ ሙያ አንድ ድንቅ ነገር ልንገራችሁ። ብረት ሲግል አንዱን ወገን ብቻ ለስለት እየቀጠቀጡ ሲያሳሱት ያ ወገን ይረዝማል፤ ብረቱም በራሱ ጊዜ ወደ ደነዙ ወገን ይጎብጣል። ባለ አንድ ስለት ሰይፍ እንግዲህ መጉበጥ በተፈጥሮው አለ፤ ቀጥቃጩ ባይከላከለው ራሱ ይመጣል። ሁለቱ ወገን እኩል ሲሳል ግን ብረቱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ባለ ሁለት ስለት ሆኖ እንደ ሾተል የጎበጠ ብረት ሆን ተብሎ፣ በእሳት ጊዜ፣ ሸንተረሩ እንዳይጣመም እየተጠበቀ የታጠፈ ነው። ይህን ያህል ድካም የሚደክም ሰው ለምን እንደሚያጥፈው ያውቃል። ሾተል የተሳሳተ የቱርክ ሰይፍ ቅጂ ቢሆን ቀጥቃጩ ቀላሉን መንገድ ትቶ አስቸጋሪውን ለምን ይመርጣል?

ደግሞም የምሥራቁ ጎባጣ ሰይፍ በኢትዮጵያ የራሱ ወራሽ አለው፤ ጎራዴ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተለይም ወደ መጨረሻው፣ ከጀርመኗ የሰይፍ ከተማ ከዞሊንገንና ከሌሎችም የአውሮፓ ፋብሪካዎች የመጡ የጎራዴ ብረቶች በአገራችን እጀታና ሰገባ እየተገጠመላቸው በሹማምንት ወገብ ላይ ዋሉ። ከጊዜ በኋላ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸውም በትእዛዝ ተሠርተው መጡ። ሾተልና ጎራዴ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው የኖሩ ሁለት ዘሮች ናቸው።

ሮማውያንን በተመለከተ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከጥቁር ባሕር ምዕራብ የነበሩት ትራካውያን ሲካ የሚባል ጎባጣ አጭር ሰይፍ ነበራቸው፤ በሮም መድረክ የትራክ ዓይነት ትጥቅ የሚለብሰው ግላዲያተርም የሚዋጋው በእሱ ነበር። የሲካ ብልሃት ከሾተል ጋር አንድ ነው፤ ጫፉ የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ይወጋል። ስለዚህ «በአክሱም ንግድ በኩል ከሮም መጣ» የሚሉ አልጠፉም። እኔ ከዚህ የምማረው ሌላ ነገር ነው። ከባድ ጋሻ ያለበት ቦታ ሁሉ «እንዴት ልዙረው?» የሚል ሰው ይነሣል፤ ሁለት ሕዝቦች ሳይተያዩ አንድ መልስ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

የማጭዱ ሐሳብ የበለጠ ልቤን ይነካዋል። በርተን ትልቅ ማጭድ ብሎ ሲጽፍ ለማቃለል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ማጭድን የምናቃልልበት ምክንያት የለንም። በየሓ በተቆፈሩት ከአክሱም በፊት ከነበረው ዘመን መቃብሮች ውስጥ የነሐስ ማጭዶች ተገኝተዋል፤ ሟቹ ይዟቸው ሊሄድ የተገቡ ክቡር ዕቃዎች ነበሩ ማለት ነው። የሰሜኑ ቀጥቃጭ ጎባጣ ስለት መሥራት የለመደው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ይህ እጅ ሾተልን ለመሥራት ማንንም መምህር እንደማይፈልግ ያሳያል። ይሁን እንጂ ማጭድ በውስጡ ብቻ ነው ስለት ያለው፤ የመሃል ሸንተረርም አይፈልግም፤ ሊወጋም አልተሠራም። ማጭድ የእጁን ልምድ ሰጥቷል ብል አላፍርም፤ ቅርጹን ግን ሌላ መሣሪያ የሰጠው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኔ ሐሳብ ደረስን። ሾተልን ከሰይፎች ጋር ማሰለፋችንን ትተን ከጩቤዎች ጋር እናሰልፈው።

የአፋርን ጊሌ አስቡ። በወገብ ዙሪያ ታጥቀውት ሆድ ላይ አግድም የሚተኛው ያ ሰፊ ጩቤ ጎባጣ ነው፣ ስለቱ በሁለቱም ወገን ነው፣ የእጅ መከለያ የለውም። ከዚያ ባሕሩን ተሻገሩ፤ ባብ ኤል መንደብ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመናውያን ጃምቢያ የሚባለውን ጩቤ የሚታጠቁት ሆዳቸው ላይ ነው። እሱም ጎባጣ ነው፣ ባለ ሁለት ስለት ነው፣ መሃሉ ላይ ጉልህ ሸንተረር አለው፣ መከለያ የለውም። ከጃምቢያ እጀታዎች ሁሉ የከበረው «ሰይፋኒ» የሚባለው ከአውራሪስ ቀንድ የሚሠራው ነው፤ ቀንዱም ከምሥራቅ አፍሪካ ሲሻገር የኖረ ነው። ወደ ሰሜን ደግሞ የቤጃ ሕዝቦች ጎባጣ ጩቤ አላቸው። ሾተልን እዚህ ቤተሰብ መካከል አምጡና አስቀምጡት። ባለ ሁለት ስለት፣ ባለ ሸንተረር፣ ጎባጣ፣ መከለያ የሌለው፣ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፤ ከርዝመቱ በቀር እንግዳ የሚሆንበት ነገር አለ?

በቀኝ ጎን መታጠቁም እዚህ ጋር ትርጉም ያገኛል። ረጅም ሰይፍ የሚታጠቁ አገሮች ብዙውን ጊዜ በግራ ይታጠቁና በቀኝ እጅ በደረታቸው አሻግረው ይመዙታል። ሐበሻው ግን ግራ እጁ ጋሻ ይዟል። ትልቅ ክብ ጋሻ ግራ ጎንን ሲሸፍን በዚያ በኩል የተንጠለጠለ ሰይፍ መምዘዝ ያውካል፤ በቀኝ ያለ ስለት ግን እንደ ጩቤ በቀላሉ እጅ ይገባል። ጄምስ ብሩስም፣ እ.ኤ.አ. ከ1770 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በጎንደር አካባቢ የቆየው ስኮትላንዳዊ፣ በጉዞ መጽሐፉ የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ስለታጠቁት ጎባጣ ቢላዋ ደጋግሞ ይጽፋል። ቢላዋ ያለው የትኛውን መጠን እንደ ሆነ መከራከር ይቻላል፤ በዓይኑ የታየው ግን የቢላዋ ዘር ነው።

ታዲያ ጩቤ ለምን አደገ? ያሳደገው ጋሻው ነው እላለሁ። የደጋው ተዋጊ ዋና መሣሪያ ጦር ነበር፤ አንዱን ወርውሮ ሌላውን ይዞ ይገባል። ሰይፍ የሚመዘዘው ጦሩ ካለቀ ወይም ሁለት ሰዎች ጋሻ ለጋሻ ከተገናኙ በኋላ ነው። ጋሻው ደግሞ የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ነው፤ ክብ፣ መሃሉ ወደ ፊት ያበጠ፣ ደርቆ ከእንጨት የጠነከረ፣ ለመኳንንቱ በከፋይና በብር ያጌጠ። ይህን ቆዳ በምት መሰንጠቅ አድካሚ ነው። አጭር ጩቤ ይዞ ጋሻውን ለመዞር ደግሞ ከባላጋራ ጋር መተቃቀፍ ሊያስፈልግ ነው። ያው ጎባጣ ባለ ሁለት ስለት ጩቤ ክንድ ሲያህል ግን ከጋሻው ጠርዝ በላይ ወይም በጎን ዞሮ ትከሻና አንገት ላይ ይደርሳል፤ ሲመለስም የውስጡ ስለት ይቆርጣል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ውስጥ የኖረው ማንስፊልድ ፓርኪንስን ጨምሮ ስለ ሾተል የጻፉ አውሮፓውያን ለአያያዝ የማይመች ነው ሲሉ ኖረዋል። በእነሱ ሙያ ትክክል ናቸው፤ ሾተል ይዞ የአውሮፓን የሰይፍ ጨዋታ መጫወት አይቻልም። ሾተል የሚመልሰው ጥያቄ በአውሮፓ ሜዳ ላይ ጋሻ ከቀረ በኋላ ተረስቶ ነበር።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። የቤጃ ተዋጊዎችም ክብ የቆዳ ጋሻ ነበራቸው፣ ጎባጣ ጩቤም ነበራቸው፤ ረጅም ሰይፋቸው ግን ካስካራ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ መስቀለኛ መከለያ ያለው። ጋሻ ጩቤን የሚያሳድግ ከሆነ እነሱ ዘንድ ለምን አላሳደገውም? እኔ የማገኘው መልስ በገበያው ውስጥ ነው። ወደ ሱዳን ረጅምና ቀጥ ያለ የአውሮፓ ብረት በብዛት ይገባ ነበር፤ ዞሊንገንም ለዚያ ገበያ ሠርታለች። የተዘጋጀ ረጅም ብረት የሚገዛ ሰው ጩቤውን ማሳደግ አያስፈልገውም። ብረቱን ከራሱ ቀጥቃጭ የሚያሠራ ሰው ግን የለመደውን ቅርጽ አርዝሞ ያዛል። ይህን አንባቢ ሊፈትነው የሚችል ግምት አድርጉት፤ ለግምቱ የሚያግዘው ነገር ግን አለ። የአውሮፓ ብረት በደጋውም በብዛት ሲገባ ሾተል ለጎራዴ ቦታውን ለቀቀ።

ቀጥቃጭ ካልኩ ዘንድ እዚህ ላይ ልቆይ፤ የክርክሩ ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ነውና። የሾተል አባት ከግብጽ፣ ከቱርክ፣ ከሮም ሲፈለግ ኖረ፤ ሾተሉን የቀጠቀጠው፣ ያጠፈው፣ የሳለው ሰው ግን በጎንደር አካባቢ መንደሮች ውስጥ ወናፉን እየነፋ ተቀምጦ ነበር። በዚያ አካባቢ ብዙዎቹ ቀጥቃጮች ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠሩት እነሱ፤ ቡዳ ተብለው የሚፈሩትና የሚገለሉትም እነሱ። የሠሩትን ይዞ የዘመተ ሰው ስሙ በታሪክ ሲጻፍ የሠሪው አልተጻፈም። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደ ነበረው ያሳያል። አውሮፓዊው ጸሐፊ ሾተሉን ከሹሙ እጅ ተቀብሎ አየው፤ አገሬውም ቢሆን ቀጥቃጩን «ይህን ቅርጽ ማን አስተማረህ?» ብሎ አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ሽማግሌዎች መካከል በወናፍ ሥር ያደጉ ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ሁለት ስለት ያለውን ብረት ሸንተረሩ ሳይጣመም ማጠፍ እንዴት እንደሚቻል ከአባት የሰማ ሰው ቢገኝ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይጠቅመናል።

ክርክሩን ያወሳሰበው ሌላው ነገር ዕቃዎቹ የተበተኑበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይም ገዢ ሆኖ እዚያው ነበር። ከተለያዩ አውራጃዎች የተሰበሰበ መሣሪያ ሁሉ በአንድ ቀን «ሐበሻ» የሚል አንድ ስም ያዘ። በካርቱም ወይም በካይሮ ገበያ የተገዛው ደግሞ «ሱዳን» ተባለ። ዛሬ በአውሮፓ የጨረታ ቤቶች አንድ ዓይነት ሾተል አንዴ የቤጃ፣ አንዴ የሐበሻ እየተባለ ሲሸጥ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። ወረቀቱ የሚነግረን የተገዛበትን ቦታ ነው፤ የተሠራበትን ለማወቅ ብረቱን ራሱን ማየት ግድ ይላል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሊረዱን ይችሉ ይሆን? በሰማዕታት ሥዕል ላይ ገዳዩ ሰይፍ ይዟል፤ ሥዕሉ ዓመቱ ከታወቀ የሰይፉ ቅርጽ ከዚያ በፊት መታወቁን ይመሰክራል። ይህ ያልተሟጠጠ ምንጭ ስለሆነ በጣም ያጓጓኛል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በ1591 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሮም ላይ የታተመውን የዓረብኛ ወንጌል ሥዕሎች አይተው ቀድተዋል፤ በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ያለ ሰይፍ ከጎንደር ገበያ ይልቅ ከሮም ማተሚያ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ የማምነው ሠዓሊው ከልቡ የሣለውን ነው። የጀርባ ወታደሮች፣ የአደን ትዕይንት፣ ሥዕሉን ያሠራው ባላባት በስተ ግርጌ ከነትጥቁ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ሾተል በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻ የሚኖር የጎባጣ ጩቤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በደጋው ጋሻ ፊት፣ በደጋው ቀጥቃጭ እጅ አድጎ ሰይፍ ሆነ። ከጊሌ የሚረዝም፣ ከሾተል የሚያጥር፣ ዓመቱ የታወቀ መካከለኛ መጠን ያለው ብረት ከየትኛውም ቤት ቢወጣ ሐሳቡ ይጠነክራል። ከኑቢያ አንድ ማጭድ መሰል የብረት ሰይፍ ከአክሱም ዘመን ቢገኝ ደግሞ ግብጽን እንደገና መጥራት ይኖርብናል።

ስለዚህ በአያት ቤት፣ በሙዚየም ወይም በሌላ አገር የጨረታ መስኮት ሾተል ካያችሁ ፎቶ ስታነሡ ጉብጠቱን ብቻ አታንሡ፤ እሱን ሁሉም ያነሣዋል። እጀታው ከብረቱ የሚገናኝበትን ሥር ቀረብ ብላችሁ አንሡልኝ፣ ሸንተረሩ ከየት እንደሚጀምር እንዲታይ። ከዚያ የውስጡንና የውጩን ስለት ለየብቻ፤ በሞረድ የተበላው የትኛው ወገን እንደ ሆነ አይታችሁ ጻፉልኝ።